ከትርፌ ላይ የሚቆረጥ አስራት

ከእጃጂ በወጣሁበት ማታ ሚኒባሱ ደጃችን ላይ ሞተሩን ሳያጠፋ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር፤ ቤት ውስጥ ደግሞ አባቴ ይጸልይ ነበር። ሾፌሩ ነገ ጠዋት መንገድ ሊዘጋ ይችላል የሚል ወሬ ሰምቶ ዛሬውኑ አምቦ ካልገባን ብሎ ተነጫንጯል። በዚያ ዓመት ሰው መንገድ ተዘጋ ወይ ብሎ አይጠይቅም፤ የት ጋ ተዘጋ ብሎ ነው የሚጠይቀው። አባቴ ኦቦ ቶለራ ጡረታ የወጣ መምህርና የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነው። ጸሎት ከጀመረ ቤት ቢቃጠል ዓይኑን አይገልጥም። ለአውሮፕላኑ ጸለየ፣ ለአብራሪው ጸለየ፣ የጀርመን ባለሥልጣናት ልባቸው እንዲራራ ጸለየ። ሾፌሩ ጥሩምባ ሲነፋ ለሾፌሩም ትዕግሥት ለመነለት። እናቴ ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነችው። እኔ ለመሳቅም ለማልቀስም ጊዜ አላገኘሁም፤ አሜን ሲባል ሻንጣዬ ተጭኖ ነበር።

ለማታውቁኝ፣ ለሊሴ እባላለሁ፤ አምቦ ነርስ ነበርኩ። ቤታችን የምናወራው ኦሮምኛ ነው። ይህን በአማርኛ የምጽፈው እዚህ ጀርመን የምንሰበሰብበት የአማኞች ኅብረታችን ውስጥ ያሉት፣ ከየአካባቢው የመጡት ሁሉ እንዲያነቡት ብዬ ነው። ባሕር አላቋረጥኩም፣ በረሃም አላየሁም። አዲስ አበባ ጀርመንኛ ተምሬ፣ ፈተናውን አልፌ፣ ነርስ የጠፋበት አንድ ሆስፒታል ወረቀት ልኮልኝ ነው የመጣሁት። በሊቢያ በኩል የመጡት ልጆች ያንቺ ስደት አይደለም፣ የሥራ ዝውውር ነው እያሉ ያሾፉብኛል። እውነታቸውን ነው፣ አልከራከራቸውም።

እኔን የገጠመኝ ድንበር አንድ የጉምሩክ ሠራተኛ ነበር። እናቴ የሠራችልኝን ጭኮ ከሻንጣዬ አውጥቶ ምንድን ነው አለኝ። የገብስ ዱቄት ነው፣ ምግብ ነው አልኩት። አሸተተው፣ ጓደኛውን ጠራና እሱም አሸተተው። በምን እንደታሸ ሲጠይቀኝ ሽማግሌ ያሳደገኝ ልጅ ነኝና እውነቱን ነገርኩት፤ ቅቤ። ያቺ ቃል ፈረደችብን። ከእንስሳት የተገኘ ምግብ አይገባም ብሎ በጓንት ይዞ ቆሻሻ ውስጥ ጨመረው። ለእናቴ ስደውልላት ጀርመኖቹ በጣም ወደዱት አልኳት።

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ። የመጣሁ ሰሞን ቡርገርአምት የሚባለው፣ የእኛ ቀበሌ ማለት ነው፣ ሄጄ መመዝገብ ነበረብኝ። መነጽሯን በገመድ ያንጠለጠለች ሴትዮ ስሜን፣ የትውልድ ቦታዬን ጠየቀችኝ፤ እጃጂን ፊደል በፊደል አስጻፍኳት። ቀጥላ ሃይማኖት አለችኝ። አገር ቤት ይህ ጥያቄ ሲመጣ ሁሌም እሸማቀቃለሁ። ትምህርት ቤት ጴንጤ ተብዬ ነው ያደግኩት፤ የሚጽፈው ሰው ቀና ከሆነ ደግሞ ፕሮቴስታንት ይለኛል። እኛ ራሳችንን የምንጠራው ወንጌላዊ ብለን ነው፤ በዚያ ስም የጠራኝ ባለቢሮ ግን ገጥሞኝ አያውቅም። ሴትዮዋ ቀና ብላ «ኤቫንጌሊሽ?» አለችኝ። ቃሉን ሰማሁት፤ ወንጌላዊ ማለት ነው። በሰው አገር፣ በመንግሥት ቢሮ ውስጥ፣ በትክክለኛ ስሜ ተጠራሁ። ደስ አለኝ። «ያ፣ ኤቫንጌሊሽ» አልኳት፤ ሳትጠይቀኝ አባቴም ሽማግሌ ነው ብዬ ጨመርኩላት። እሷ ያን አልጻፈችውም።

ከዚያ ኑሮ ተጀመረ። አከራዬ ደግ ሰው ነው፣ ነገር ግን ሉፍተን የሚሉት አምልኮ አለው። ክረምት ሲገባ፣ ውጭው በረዶ ሆኖ ሳለ፣ ጠዋትና ማታ መስኮቱን ወለል አድርገሽ ክፈቺ፣ አለበለዚያ ግድግዳው ይሻግታል አለኝ። ቤቱን ገና አሁን ከፍዬ ነው ያሞቅኩት ስለው፣ አዎ፣ አሁን ደግሞ ልቀቂው አለኝ። የደጋውን የሸነንን ብርድ ብርድ ነው ብዬ ያደግኩት ሰው ነኝ፤ እዚህ በገዛ ገንዘቤ ብርድ ሳስገባ ክረምቱ አለፈ። የሚያጽናናኝ ውሃቸው ነበር። የትም ብትቀመጡ የሚቀርብላችሁ ያው ጋዝ ያለበት የእኛ የአምቦ ውሃ ዓይነት ነው፤ ያለ ጋዝ ስጡኝ የሚል ሰው እንደ በሽተኛ ነው የሚታየው።

የመጀመሪያው ደሞዜ ሲመጣ ወረቀቱ ላይ ከተቆረጡት መስመሮች አንዷ «ኪስት» ትላለች። ከኪሴ እንደምትወጣ ብቻ ነው የገባኝ። ደረጄን ጠየቅኩት። ደረጄ የእኛው አካባቢ የእንጭኒ ልጅ ነው፣ እዚህ ከተማ አውቶቡስ ይነዳል፤ ኅብረታችን እሁድ እሁድ በሚከራየው አዳራሽ ማይክራፎኑን የሚያስተካክለውም እሱ ነው። ወረቀት የሚያነብልን እሱ ስለሆነ ጠበቃችን እንለዋለን። ኪርሸንሽቶየር ናት አለኝ፤ የቤተ ክርስቲያን ግብር። ኤቫንጌሊሽ ነኝ ብለሽ በአፍሽ ተናግረሻል፣ መንግሥት ከገቢ ግብርሽ ላይ አስልቶ ለእነሱ ቤተ ክርስቲያን ይሰበስባል አለኝ። እኔ እኮ ያቺ ቤተ ክርስቲያን ገብቼ አላውቅም ስለው፣ እነሱም አብዛኞቹ አይገቡም አለኝ።

ለአባቴ ስነግረው አልተናደደም፣ ይልቅ ተገረመ። መንግሥት አስራት ይሰበስባል? አለኝ። አዎ አልኩት። በሚቀጥለው እሁድ ለሽማግሌዎቹ ነግሯቸው፣ እንዲህ ያለም አገር አለ ሲሉ ዋሉ። ብሩ እንዲቆረጥ ተውኩት።

አክሲዮን የገባሁት በፍራው ኬለር ነው። ፍራው ኬለር ጡረታዋ የተቃረበ፣ ከእኔ ጋር አንድ ክፍል የምትሠራ ነርስ ናት። ብሬን ባንክ አስቀምጬ ስለ ወለዱ ስነግራት እንደታመመ ሰው አየችኝ። ለምን እንደማጠራቅም ጠየቀችኝና ነገርኳት። አባቴ ከግቢው ቆርሶ ቦታ ሰጥቶኛል፤ እዚያ ላይ ቤት ሠርቼ፣ ከፊት ለፊቱ ትንሽ ክሊኒክ ከፍቼ እመለሳለሁ። መቼ አለችኝ። አሥር ዓመት ቢሆነኝ አልኳት። እንግዲያው የአሥር ዓመት ብር ባንክ አይቀመጥም አለችኝ።

እውነቱን ለመናገር አክሲዮን ለእኔ አዲስ ነገር አልነበረም። አባቴ ራሱ የባንክ አክሲዮን አለው። እኛ ዘንድ ግን አክሲዮን እንዴት እንደሚመረጥ ታውቃላችሁ፤ የአጎት ልጅ ደረሰኝ ይዞ ይመጣል፣ ባንኩ የእኛ ነው ይላል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ትገዛላችሁ። ባንኩ ያትርፍ አያትርፍ ማንም አይጠይቅም፤ እንዲያ ብሎ መጠየቅ ዘመድን መጠርጠር ነው። የአባቴ አክሲዮን ዋጋው ስንት ደረሰ ብዬ ብጠይቀው እንደገዛሁት ነው አለኝ። ብትሸጠውስ ስለው ተቆጣ፣ አክሲዮን ይሸጣል እንዴ አለኝ። ለእሱ አክሲዮን እንደ መሬት ነው፤ ለልጅ ይተላለፋል እንጂ ገበያ አይወጣም። እንደ ሐሳብ ስታዩት ከብዙ ነጋዴ የተሻለ የረጅም ጊዜ ባለሀብት ነው።

እኔም መጀመሪያ የመረጥኩት እንደ አባቴ በዝምድና ነው። ክፍላችን ውስጥ ኩላሊት የሚያጥብ ማሽን አለ፤ ሲበላሽ አይቼው አላውቅም፤ የሠራውን ኩባንያ አክሲዮን ገዛሁ። ዘመዴ ማሽኑ ነበር ማለት ነው። በገዛሁ በጥቂት ወራት ዋጋው ወደ ታች ተንሸራተተ። በየምሳ ሰዓቱ ስልኬን አወጣለሁ፣ አያለሁ፣ ምግቤ አይወርድልኝም። ማሽኑ እኮ ይሠራል እላለሁ ለራሴ። ፍራው ኬለር ማሽኑ ጥሩ መሆኑና ኩባንያው ጥሩ መሆኑ የተለያየ ነገር ነው አለችኝ፤ እሷም በቴሌቪዥን የተወራለት አክሲዮን ገዝታ ተበልታ ታውቃለች። ያን ጊዜ ነው የዓመት ሪፖርት ማንበብ የጀመርኩት። በየዓመቱ ያተርፋል ወይ፣ ዕዳው ምን ያህል ነው፣ ከትርፉ ለባለአክሲዮን ያካፍላል ወይ፣ ከሃያ ዓመት በኋላስ ሰው ይፈልገዋል ወይ። የመጨረሻው ጥያቄ ላይ እርግጠኛ ነበርኩ፤ ኩላሊት መታመሙን አያቆምም። ስለዚህ አልሸጥኩም። ከዚያ በኋላ የቆጠብኩትን ግን ቅርጫት በሚሉት ነገር ላይ አደረግኩ፤ አንዷን ስትገዙ ከብዙ አገር ከብዙ ኩባንያ ጥቂት ጥቂት የምትይዝ አክሲዮን ናት። አንዱ ቢወድቅ ሌላው ይይዘዋል፣ እኔም ምሳዬን እበላለሁ።

አባቴ ይህን ስነግረው ቢራ ጠማቂም አለበት ወይ አለኝ። አለበት አልኩት። ሲጋራስ? ሲጋራም። ትንሽ አሰበና፣ እንግዲህ ዓለም ነው፣ አለ።

ግብሩን የተማርኩት ተቆርጦብኝ ነው። ለምትመጡት ልንገራችሁ፤ የአክሲዮናችሁ ዋጋ ስለጨመረ ብቻ ግብር የለም፣ የሚቆረጠው ኩባንያው ትርፍ ሲያካፍላችሁና ስትሸጡ ነው፤ ያውም ከሸጣችሁበት የገዛችሁበት ዋጋ ተቀንሶ ከቀረው ከትርፉ። ሩብ ያህሉ ለመንግሥት ይሄዳል። በየዓመቱ ከግብር ነፃ የሆነ ትንሽ ትርፍ አለ፣ ግን ባንኩን ጽፋችሁ ካላዘዛችሁት አይተውላችሁም። ትእዛዙ ፍራይሽቴሉንግስአውፍትራግ ይባላል። ቃሉን አንብቤ ለመጨረስ የፈጀብኝን ጊዜ ለመሙላት አልፈጀብኝም፤ ግን ስላላወቅኩ የመጀመሪያው ዓመት የትርፍ ክፍያዬ ከጫፉ ጀምሮ ተቆርጧል። ባንክ ሄጄ ለምን አልነገራችሁኝም ብላቸው፣ አልጠየቁንም አሉኝ።

ዓመታት ሄዱ። የማሽኑ ኩባንያ አገገመና ከገዛሁበት በጣም ከፍ አለ፣ ቅርጫቱም እንደዚያው። ፍራው ኬለር ጡረታ ወጣች። አንድ ቀን ደረጄን ሻይ ጋብዤ አስላልኝ አልኩት፤ ብሸጥ ቤቱም ክሊኒኩም እንዲያልቁ ይበቃል ወይ። ደረጄ አሰላና ከንፈሩን መጠጠ። ኪስት እዚህም አለች አለኝ። ባንኩ ከትርፍሽም ላይ የቤተ ክርስቲያን ግብር ይቆርጣል፤ ማን ኤቫንጌሊሽ እንደሆነ በየዓመቱ ከመንግሥት ጠይቆ ያውቃል። በየወሩ ከደሞዝሽ የሚሄደውን ጨምሪበት፤ ክሊኒክሽ ጣሪያው እዚሁ ቀርቷል አለኝ።

መፍትሔውን ሲነግረኝ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ፍርድ ቤት ሄደሽ ከቤተ ክርስቲያን ወጥቻለሁ ብለሽ ትፈርሚያለሽ። ነሐሴያቸው ሳያልቅ ከፈረምሽ፣ ከአዲስ ዓመታቸው በኋላ ስትሸጪ ባንኩ አይቆርጥብሽም። ኅብረታችን ውስጥ ያልፈረመ የለም አለኝ፤ የአንዳንዶቹን ስም እየጠራ። የምትወጪው ከግብሩ ነው እንጂ ከጌታ አይደለም፣ ጌታ የጀርመን ፍርድ ቤት አይሠራም አለኝ። ልክ ነው። እኔ ግን ወጥቻለሁ የምትለዋ ቃል ላይ ቆምኩ።

ወጣ የሚለውን ቃል እኛ ቤት እንዴት እንደምንሰማው የሚያውቅ ያውቀዋል። አባቴ የአንድ ሰው ስም በጉባኤ ፊት ሲያነብ፣ ወንድማችን ከመካከላችን ወጥቷል ሲል ሰምቼዋለሁ፤ ያን ቀን ምሳ አልበላም። ሰውየው ታዲያ በማግስቱ ገበያ ላይ ሰላም ሲለው አቅፎታል። ግን ወጥቷል።

እንደምንም ፍርድ ቤቱ ደወልኩ። ከቤተ ክርስቲያን መውጣት እፈልጋለሁ ስል ሰውየው ከየትኛዋ አለኝ። ኤቫንጌሊሽ አልኩት። ማክሰኞ ጠዋት ፓስፖርትሽንና የአገልግሎት ክፍያውን ይዘሽ ነይ አለኝ።

«ለመውጣትም ይከፈላል?»

«መግባት ነፃ ነው።»

ለምን እንደምወጣ የሚጠይቀኝ መስሎኝ ምክንያቴን አሰናድቼ ነበር። ምክንያት አያስፈልግም አለኝ፤ እኛ መውጣቱን ብቻ ነው የምንመዘግበው።

እሁድ ለአባቴ ደወልኩ። ሳልነግረው ልፈርም እችል ነበር፤ አምስት ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ የፍርድ ቤት ወረቀት አያይም። ግን ቤቱ የሚሠራው በእሱ ግቢ ነው፣ ጣሪያውን ሲያይ ከምን እንደተገዛ እንዲያውቅ ፈለግኩ። እናቴ ስልኩን ለእሱ ሰጠችው። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጤፉ፣ ስለ ጉልበቱ ተነጋገርን። ከዚያ ሁሉንም ነገርኩት፤ አክሲዮኑን፣ ትርፉን፣ ኪስትን፣ ማክሰኞን። ደረጄ ያለኝንም ጨመርኩለት፣ ግብር ነው እንጂ እምነት አይደለም አልኩት። ስለ እምነት ለሚጠይቀኝ ሁሉ መልስ ነበረኝ።

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «አባ፣ አለህ?» አልኩት።

«አለሁ፣ ኢንተለ ኮ፣ ልጄ። እዚያ ብትሞቺ ማን ይቀብርሻል?»

ያልተዘጋጀሁበት ጥያቄ ያ ብቻ ነበር። ኅብረታችን አለ አልኩት። መቀበሪያ አለው ወይ አለኝ። የለውም፣ አዳራሹንም በሰዓት ነው የሚከራየው አልኩት። የአባቴ ታላቅ ወንድም ሲሞት የእኛ እምነት ተከታዮች ገና በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፣ መቀበሪያም አልነበራቸውም። አባቴ በልጅነቱ ሬሳውን ተከትሎ ከአንዱ ወደ አንዱ የመቀበሪያ ቦታ ሲለምኑ ውሎ፣ በመጨረሻ አንድ ዘመድ ከእርሻው ዳር ቆርሶ ሰጥቷቸው ነው የቀበሩት። ይህን ታሪክ ለእኛ የነገረችን እናታችን ናት፤ እሱ አንድም ቀን አንስቶት አያውቅም። ያን ቀንም አላነሳውም።

«ስሚኝ» አለኝ። «የምትመለሺ ከሆነ ፈርሚ፤ እዚህ ወገን አለሽ፣ መሬትም አለን። የማትመለሺ ከሆነ ግን ከእነሱ አትውጪ። አንቺን ያለ ቀባሪ ትቼ እኔ መሞት አልችልም።»

«እመለሳለሁ እኮ፣ አባ። ቤቱን ለምን የምሠራ መሰለህ?»

«እሺ። መቼ?»

አልተቆጣም። የሚኒባስ መነሻ ሰዓት እንደሚጠይቅ ሰው ነው የጠየቀኝ። ለፍራው ኬለር የመለስኩላት አሥር ዓመት አፌ ላይ መጣ፣ ግን ከዚያ ውስጥ አብዛኛው ሄዷል፤ የሄደውን ቀንሼ የቀረውን ብነግረው ቀን መቁረጥ ሊሆንብኝ ነው። እዚህ የደረስኩበት የሥራ ደረጃ፣ ከቀን ወደ ቀን የለመድኩት ፀጥታ፣ አገር ቤት መንገዱ አሁንም የት ጋ እንደተዘጋ የምሰማው ወሬ፣ ሁሉም አንድ ላይ መጡብኝ። መመለስ እፈልጋለሁ፤ ይህን የምጽፈው ዓይኔ እንባ አቅርሮ ነው። ቀኑን ግን አላውቀውም ነበር። እስከዚያ ቅጽበት ድረስ እንደማላውቀውም አላውቅም ነበር።

«አይሰማኝም አባ፣ ኔትወርኩ ነው» አልኩት። በደንብ ይሰማኝ ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት ሥራ ገባሁ። አክሲዮኖቹም እንዳሉ ናቸው። ነሐሴያቸው ሊያልቅ ሲል ደረጄ ከአዳራሹ በር ላይ ጠብቆ ፈረምሽ ወይ አለኝ።

«ቀረሁ» አልኩት።

ቀጠሮው ያመለጠኝ መስሎት፣ ሌላ ቀን አስይዢ አለኝ።